የወንድ ጡትና የፍየል ሐሞት

መጀመሪያ ያየሁት ነጠብጣብ ነው። በግራ ጡቴ ጫፍ ትይዩ እጀ ጠባቤ ላይ የደረቀ፣ ዝገት የመሰለ። ጨርቁን ስስበው ቆዳዬ አብሮ ተሳበ። አሸተትኩት። ምነው ባላሸተትኩት!

ጣሊያን መተማን ከያዘ ወዲህ ነው። ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበርን። በዚያ የቆላ ሙቀት ወንዱ ሁሉ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሲያጭድ፣ እኔ ብቻ እስከ አንገቴ ተሸፍኜ እንደ ሙሽራ እሽኮረመማለሁ። ከጡቴ ጫፍ ሥር ሽምብራ የሚያክል ደረቅ ነገር አለ። አያመኝም። የማያም ነገር ምን በሽታ ነው ብዬ ተውኩት። ጫፉም ወደ ውስጥ ገባ፤ "እሱም እንደ ባለቤቱ አፈረ" ብዬ በራሴ ሳቅሁ።

በሽተኛ የምትባለው ሚስቴ አለሚቱ ነበረች። አራስ ናት፤ ቀኝ ጡቷ ቀልቶና አብጦ እንደ ፍም ይፋጃል፣ እሷም ትንቀጠቀጣለች። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ፣ እኔ ቀልደኛው፣ "ምን አስጨነቃችሁ፣ ሕፃኑን እኔ አጠባዋለሁ!" እላለሁ።

"ወተትህ ሰሊጥ ሰሊጥ እንዳይል ብቻ!" ይሉኛል።

መድኃኒት አዋቂው መጣና የፍየል ሐሞት፣ ትምባሆና የከረመ ቅቤ ለውሶ ጡቷ ላይ ለጠፈ። የመንደሩ ዝንብ ሁሉ እኛ ቤት ገባ። የተረፈውን እኔም ተደብቄ ደረቴ ላይ ለጠፍሁት፤ ለእሷ የሚሆን ለኔም ይሆናል ብዬ። ቆዳዬ ተላጠ። ቆሰለ። ገማ። ራሴን ተጸየፍሁ። ስበላ ፊቴን ከደረቴ አዞር ነበር።

የአለሚቱ ትኩሳት ሲብስ እሷንና ሕፃኑን በአህያ አስቀምጬ ሐኪም ፍለጋ ድንበሩን ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻገርን። ኬላው ላይ ያለው ዘበኛ ሊፈትሸን ቀረበና አፍንጫውን ያዘ። "ሂዱ! ሂዱ! ምንድን ነው የጫናችሁት?" ይለፍ ሳይኖረን በግማታችን አለፍን።

የገላባቱ ሐኪም ሱዳናዊ ነበር፤ በገበያ ዓረብኛዬ ተግባባን። የአለሚቱን ጡት ዳሰሰ። "መግል ነው፣ አብሰስ። ይፈሳል፣ ይድናል" አለና ቀደደው። የወጣውን አልነግራችሁም፤ ምሳ የበላችሁ ትኖራላችሁ። ታጠበች። በንጹሕ ፋሻ ታሰረች። ሳህኑ ወደ ውጭ ወጣ።

ሽታው ግን አልወጣም።

ሐኪሙ አየኝ።

"አህያዋ ናት" አልሁ። አህያዋ ከአጥር ውጭ ናት።

አለሚቱ ከተኛችበት ቀና አለች። ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። "አንተ!" አለች። "አውልቅ!"

አወለቅሁ። ሐኪሙ እብጠቱን ነካ። ብብቴን ዳሰሰ። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም።

"የእሷ ያማል፣ ግን ይድናል። ያንተ አያምም። የሚያስፈራኝ ያንተ ነው።"

ሰረጣን አለው። ዛሬ ካንሰር የምትሉት ነው።

"ወንድ ነኝ እኮ!"

"በሽታው መች ጠየቀህ?"

ሰሊጡ ይሰብሰብና እመለሳለሁ አልሁ። አለሚቱ ሕፃኑን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

በጭነት መኪና ገዳሪፍ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ክሎሮፎርም የሚሉትን ማደንዘዣ አሸተቱኝ። ይጣፍጣል፣ ያቅለሸልሻል። ነቃሁ። ጡቴ የለም። ብብቴ ተቀዷል። ደረቴ እንደ ጆንያ ተሰፍቷል። አስመለሰኝ።

ከዚያ በኋላ አለሚቱ ሕፃኑን በደኅናው ጡቷ እያጠባች፣ የእኔን ፋሻ በፈላ ውኃ እያጠበች፣ እኔም ሐኪሙ እንዳዘዘኝ ክንዴን ግድግዳ ለግድግዳ እንደ እንሽላሊት ሽቅብ እያስኬድሁ፣ እየተሳደብሁና እያለቀስሁ ቀስ በቀስ በረታሁና፣ በሚቀጥለው አጨዳ ነዶ አነሣሁ፤ ያውም ራቁቴን። የሚስቅብኝን "አንተስ የራስህን ዳስሰህ ታውቃለህ?" እለዋለሁ፤ ሳቁን ትቶ እጁን ወደ ደረቱ ይሰዳል።

እናንተም ዳስሱ። ብዙው እብጠት ክፉ አይደለም፤ ክፉውን ከደጉ የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ እኔና የፍየል ሐሞት አይደለንም። የማያም እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ፣ ደም ያለው ፈሳሽ ካያችሁ አታድሩ። የምታጠባ ሴት ጡቷ ቀልቶ ከፋጀ ቶሎ ትታይ፤ ታክማም ካልጠፋላት ደግማ ትታይ። በጋለ ብረት አትተኮሱ፣ ሐሞት አትለጥፉ። ወንዶች ሆይ፣ እኛም ጡት አለን።

ሐኪሙን ፈጣሪ ይስጠው። አለሚቱን ግን እኔው አመሰግናታለሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ ወደ አንቱ አልተመለሰችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።