ለእትዬ ዘይነባ የለሰንኩት የወፍ ጎጆ

በደርግ ጊዜ ነው። አዋሽ ላይ ሻይ ቤት የነበራቸው የወሎዋ እትዬ ዘይነባ፣ አንድ ልጃቸው ሰዒድ ከዘመተ ወዲህ ተስፋቸውን ጅራተ መቀስ ወፎች ላይ ጥለው ነበር። ወፎቹ በየዓመቱ ከሩቅ መጥተው እዚያው ሻይ ቤት ጣሪያ ሥር ይፈለፍላሉ። «እነሱ ከተመለሱ ሰዒዴም ይመለሳል» ይላሉ።

አንድ ዓመት ድመት ጫጩቶቹን በላች። በዓመቱ ወፎቹ መጡና ቤቱን ዞር ዞር ብለው አይተው ባቡር ጣቢያው ጣሪያ ሥር ሰፈሩ። እትዬ ዘይነባ እህል መቅመስ ተዉ። የሰዒድ መርዶ ደግሞ ከተማው ገብቷል፤ ሽማግሌዎች እስኪያረዷቸው ሁላችንም አፋችንን ይዘናል።

ቢያንስ ይብሉ ብዬ የአዋሽን ወንዝ ጭቃ ግማሹን ተሸክሜ መጣሁ። ወንዙ እስከ ዛሬ የጎደለው በኔ ነው! ጣሪያው ሥር ጎጆ ለሰንኩና «ወፎቹ መጡልዎት!» ብዬ ጮህኩ።

ቀና ብለው አዩ።

«ይሄ ጭቃው ላይ ያለው ያንተ የጣት አሻራ አይደል?»

«ወላሂ የወፏ ነው፣ እትዬ!»

«ይቺ ወፍ ግመል ናት እንዴ?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ልጇ የተበላባት ወፍ እዚያ ቤት አትመለስም። አንተም በከንቱ ጭቃ አታቦካም። በል፣ ሽማግሌዎቹን ጥራቸውና ይንገሩኝ።»