ሰፈሩ መስመሩን የለቀቀለት ቀን

ሰሞኑን ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፤ የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅል ከተወሰነ አጠቃቀም በኋላ ፍጥነቱ ይቀነሳል ይላል። ሌላው ሰው አንብቦ ያልፈዋል። እኔን ግን ከዓመታት በፊት ወደነበረችው ጂንካ ወሰደኝ።

ያኔ እኔና ጓደኛዬ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ሥራ ፈትተን ተቀምጠናል። ማርቆስ ከከተማችን ወጣ ብላ ያለችው የገዘር ገበሬ ልጅ፣ ዝምተኛ ነው። የእንሰት በሽታ ላይ የሠራው ጥናት ተወዶለት ውጭ አገር በነጻ ሊማር አንድ ቃለ መጠይቅ ብቻ ቀረው፤ እሱም በኢንተርኔት፣ በቪዲዮ።

በቀጠሮው ቀን በሚኒባስ መጣ። ዝናቡ መንገዱን አቡክቶት ስለነበር ተውሶ የለበሰው የወንድሙ ኮት ሳይቀር ጭቃ ነክቶታል። ሙዝ ገዛሁለት፣ ኪሱ ከተተው።

ኢንተርኔት ቤቱ የጋሽ ተሻለ ነበር፤ ከወላይታ መጥተው ጂንካ የከተሙ ሰው ናቸው። ቀጠሮው ከሰዓት ነው፤ ከምሳ በኋላ መሥሪያ ቤቶች ሲከፈቱ ደግሞ መስመሩ ይደክማል። እኛ ሰፈር ደግሞ ታች ያሉት ቧንቧቸውን ካልዘጉ ውሃ ላይኛው ቤት አይወጣም፤ ጋሽ ተሻለ ኢንተርኔቱንም እንደዚያው ነበር የሚያስቡት። ከወንበራቸው ተነሱና ደንበኞቻቸውን፣ "ይሄ ልጅ ዛሬ ፈተና አለበት፤ እባካችሁ ዝጉለት" አሏቸው።

አንድም ሰው አላጉረመረመም። ሁሉም ዘግተው ወጡ፤ ከተማው መሃል ያለው ሣር የለበሰ አውሮፕላን ማረፊያ ዳር በካፊያ ቆሙ። እኔ ጎረቤት ለጎረቤት ዞርኩ። ሆቴሉ ዘጋ፣ ፎቶ ቤቱ ዘጋ፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጅ እንኳ ከእጮኛዋ ጋር እያወራች ነበር፣ ተሰናብታው ስልኳን አጠፋች። የዚያን ዕለት በሰፈሬ ሰው የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ስመለስ ቃለ መጠይቁ ተጀምሯል፤ ስክሪኑ ላይ የሦስቱ ጠያቂዎች ምስል ደርቆ ቀርቷል። የእነሱ ድምፅ እየተቆራረጠ ይመጣል፤ የማርቆስ ግን አይደርስም። ጠየቁት፣ መለሰ። አልሰማንህም አሉት፣ ጮክ ብሎ ደገመው።

ግራ ቢገባኝ የኢንተርኔት አገልግሎቱ ቢሮ የሚሠራ የማውቀው ልጅ ጋ ደወልኩ።

"እናንተ ብትዘጉ ምንም አይጠቅምም" አለኝ። "የሚጠበው ከላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ሥራ ይቅደም፣ ቪዲዮ ይቆይ ተብሎ ተደልድሏል። እኔ ከዚህ ምንም መንካት አልችልም።"

ጂንካ ውስጥ ሰው ሲቸግረው ሽማግሌ ይዞ ባለሥልጣኑ ቤት ይሄዳል። ይሄን ማን ቤት ሄደን እንለምን? ስልኩን ዘግቼ ከማርቆስ ኋላ ቆምኩ።

በመጨረሻ ሰዎቹ ይቅርታ ጠይቀው፣ ሌላ ተረኛ አለብን ብለው ተሰናበቱ። ማርቆስ የጀመረውን መልስ ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ጨረሰው።

ዛሬ ማርቆስ ቆላ ወርዶ ካንጋተን ከተማ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሥራውን ይወዳል፣ ያንን ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። እኔ ግን ዕድሉ ከማምለጡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሲወጣ ያየሁት ነው። ካፊያው ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ የተሳካለት መስሎት አጨበጨበለት። ማርቆስም አንገቱን ደፍቶ አንድ በአንድ አመሰገናቸው፤ ምን ብሎ ይንገራቸው?