የመስጊዱ ቃሬዛ

ባለፈው ሰሞን መርሳ ላይ አካል ጉዳተኛ የምንባለውን ሁሉ ስብሰባ ጠሩን። «አላህ አያምጣውና እንደ ጦርነቱ ያለ ቀን ቢመለስ፣ እናንተን ለማውጣት ምን ይዘጋጅ?» አለን ስብሰባውን የሚመራው ሰውዬ። ዓይነ ስውሩ ጎረቤቴ «ቀድሞ የሚነግረን ሰው» አለ። ሌላው ዊልቸር አለ፤ ሌላዋ መኪና አለች። የእኔ ተራ ሲደርስ «ቃሬዛ» አልኩ። ሰውዬው ክው አለ። «ኧረ ከአፍሽ ክፉ አይውጣ! ቃሬዛ የሬሳ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ምን ያውቃል እሱ! ከመርሳ ስንወጣ አልነበረም።

እግሮቼ አልታዘዝ ያሉኝ በልጅነቴ ከማንጎ ዛፍ ከወደቅሁ ወዲህ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ምላሷ ከመቀሷ ይብሳል ይሉኛል፤ ይበሉ። ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ የቤታችን መላ አንድ ብቻ ነበር፤ የጎረቤታችን ባጃጅ። ባለባጃጁ ልጅ «አንቺን ሳልጭን ንቅንቅ አልልም» ብሎ ምሎልኛል። ከባድ መሣሪያው በሲሪንቃ በኩል ማጓራት የጀመረ ለት ግን ባጃጁም ልጁም የሉም። አልፈርድበትም፤ ሚስቱ አራስ ነበረች። አንጀቴ ግን አርሯል።

ዊልቸሬ እንደሆነ ጎማው ከፈነዳ ሰንብቷል። «ተዉኝ፤ ውሃና ቆሎ አስቀምጡልኝና ሂዱ» አልኳቸው። አባቴ ወንድሜን አስከትሎ ወጣና ከመስጊድ የጀናዛውን ቃሬዛ ይዘው መጡ። እናቴ ስታየው እሪ አለች። «በቁሟ? ሟርት ነው!» «ሟርቱ ጥሏት መሄድ ነው» አለና አባቴ አቅፎ አስተኛኝ።

ወደ ውርጌሳ የሚወስደው አስፋልት ሰው በሰው ሆኗል። ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ ፍየል የሚጎትት አለ፣ ሕፃን ያዘለ አለ። አባቴ ከፊት ወንድሜ ከኋላ ይዘውኛል። አባቴ ስልሳን ያለፈ ሰው ነው፤ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ሆኗል። በየመሀሉ ያወርዱኛል፤ ባወረዱኝ ቁጥር አባቴ ለመነሳት ይዘገያል። ዞር ብሎ ያየን የለም። ምን ያድርግ፣ ሁሉም የራሱ ሸክም አለው። አባቴ መንገድ ላይ ወድቆ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ፤ ወላሂ ለራሴ አልፈራሁም።

ፀሐዩ ሲያቃጥለኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። «ኢና ሊላሂ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው አንድ ትከሻ ገባ፣ ሌላም ገባ፣ ሌላም። ጀናዛ መሸከም አጅር ነው፣ ከአላህ ዘንድ ምንዳ አለው፤ ጦር ከኋላው ቢመጣበትም ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ክርስቲያኑም «ነፍስ ይማር» እያለ ትከሻውን ይሰጣል። እናቴ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «በአላህ ይዤሻለሁ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» አለችኝ። ሟርት ነው ያለችው እሷው ናት እንግዲህ! ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣብኝ። በሕይወቴ ዞር ብሎ ያላየኝ ሰው ስሞት ተሻማብኝ። አይ ጊዜ!

እንዲያ ብዙ ከተጓዝን በኋላ አንዲት አሮጊት ከእናቴ ጋር ወሬ ሲጀምሩ ሰማሁ። ከሲሪንቃ ነው የመጡት።

«ልጅሽ ናት?»

«አዎ፣ ልጄ ናት።»

«ታድለሽ» አሉ። «ሬሳዋን እንኳ ይዘሽ ወጣሽ። የኔ ልጅ ሽባ ነው፤ ነፍሱ አለች። የሚሸከምልኝ ብለምን፣ ብለምን፣ አጣሁ። ‹ሂጂ እማዬ› ብሎ አባረረኝ። ውሃ በጀሪካን አስቀምጬለት፣ በሩን ዘግቼበት መጣሁ።»

እኔ ጠዋት ያልኩት ትዝ አለኝ፤ ውሃና ቆሎ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። ነጠላውን ገለጥኩና «እማማ፣ እኔም አልሞትኩም። እግሬ ነው» አልኳቸው።

ተሸካሚዎቹ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ሊጥሉኝ ምንም አልቀራቸው። አንዱ ተሳደበ፣ አንዱ ሳቀ፣ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሁለት ሰዎች ግን ትከሻቸውን ከቃሬዛው አላወጡም። አሮጊቷ ጠጋ ብለው እግሬን ዳሰሱት።

«እንዲህ ተኝተሽ ነው ከመርሳ የመጣሽ?» አሉኝ። «ይቻላል ማለት ነው?»

መልስ አልጠበቁም። የበሶ ቋጠሯቸውን ለእናቴ ሰጧት፣ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አደረጉና ወደመጡበት ዞሩ። «ኧረ እማማ፣ ወዴት ነው?» ብላ እናቴ ጮኸች። አባቴም ተጣራ። ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲጎርፍ እሳቸው ብቻ እየተገፉ ወደ ሲሪንቃ ሄዱ። ሰላም ሆኖ ስንመለስ ያልጠየቅነው ሰው የለም፤ አይቻቸዋለሁ የሚል አላገኘንም።

ለሰብሳቢው ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። እየሳቀ «እሺ፣ ቃሬዛ ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

«ሁለት በል» አልኩት።