ንፋስ ያልተጋራው ኃይለየሱስ

ኃይለየሱስ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ኋላ የሚመጣውን የሰማ ሁሉ ይፈርድበታልና። ናዝሬት ውስጥ በአንድ ዘይት መጭመቂያ ፋብሪካ መካኒክ ነው። ሰው ሲሞት የዕድሩን ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚደርሰው እሱ፣ ጎረቤት ሲታመም ጋሪ ፍለጋ የሚሮጠው እሱ ነው። ብስክሌት የለመደው ልጅ ሳለ ከአብዱናሲር ሱቅ በሰዓት እየተከራየ ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላው ከናዝሬት ልጅ የሚቀድመው ጠፋ። በሠራተኞች ቀን ውድድር ስድስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጣ፤ በመንገድ ሲያልፍ ሰው «ያ ኃይሌ!» ይለዋል። እሱም ያልሰማ መስሎ ያልፋል፤ ግን ካልተባለ ያን ቀን እህል አይረጋለትም።

በ1973 ዓ.ም. ኢተፋ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከአቦምሳ መጥቶ እዚያው ፋብሪካ ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ተቀጠረ። ቀጭን ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም ውሎ ማታ በአንድ አሮጌ ብስክሌት ወንጂ ደርሶ ሲመለስ ላብ እንኳ አይታይበትም። ሁለት ወር ሳይሞላ የፋብሪካው ሰው ወሬ ሁሉ ኢተፋ፣ ኢተፋ ሆነ። «ያ ኃይሌ» የሚል ጠፋ።

ኃይለየሱስን ቅናት አንጀቱን ይበላው ጀመር። ከልጁ ጋር ምሳ መብላት ተወ። አንድ ቀን የኢተፋ ብስክሌት ካቴና ተበጠሰና ሠራተኞቹ ይዘውለት መጡ፤ መካኒኩ እሱ ነው፣ እምቢ አይል። እጁ ደግሞ ክፉ ሥራ አያውቅም፤ አሳምሮ ሠራለት። ማታ ቤቱ ገብቶ በገዛ እጁ ተናደደ።

በታኅሣሥ ለሸዋ ክፍለ ሀገር ቡድን አንድ ሰው ሊመረጥ ሆነ። አንድ ሰው ብቻ። ውድድሩ ከናዝሬት ተነስቶ በሞጆና በቆቃ መቂ ደርሶ መመለስ ነው፤ መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል። አንደኛ የወጣ ከፋብሪካው ሥራ ተለቆ አዲስ አበባ ይገባል። ኃይለየሱስ ሠላሳ ሊደፍን ነው፤ ይህ ካመለጠው ሌላ እንደሌለ ያውቃል።

ከውድድሩ ቀደም ብሎ ብስክሌት አከራዩ አብዱናሲር ጠራው። «ስማኝ ኃይሌ፣ ሲኬድ ንፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል። መልስ ላይ ግን ፊት ለፊት ነው፤ የመቂን ሜዳ ብቻውን የሚችለው የለም። ከልጁ ጋር ተራ ግቡ፤ አንዱ ፊት ሆኖ ንፋሱን ሲከልል ሌላው ከኋላው ተጠግቶ ይረፍ። ሞጆን ካለፋችሁ ወዲያ በየራሳችሁ ተሽቀዳደሙ» አለው።

«እሺ» አለ ኃይለየሱስ። ከልቡ ነበር እሺ ያለው።

ሲሄዱ እንደ ጨዋታ ሄዱ። መቂ ዞረው ፊታቸውን ወደ ሰሜን ሲያደርጉ ግን ንፋሱ በነጭ አቧራ ተቀበላቸው። ከሃያ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ግራር ሥር እየተቀመጠ ቀረ። አለም ጤና ሲቃረቡ ፊት የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ኢተፋ ከጎኑ ብቅ አለና «ጋሽ ኃይሌ፣ እረፍ፤ እኔ ልግባ» ብሎ አለፈው።

ያኔ ኃይለየሱስ የልጁን ጀርባ አየ። የተጣፈ ሸሚዝ የለበሰ፣ የቀጠነ ጀርባ ነው፤ ምንም የለበትም። ግን ማየት አልቻለም። ልጁ ከመጣ ጀምሮ የፈራው ነገር ይኸው ከአፍንጫው ሥር መጣ። ፔዳሉን ረግጦ ቀደመው። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ደግሞ «ተራዬ ነው» ብሎ ሊገባ ሲል መንገዱን ዘጋበት። ከዚያ በኋላ ኢተፋ አልጠየቀም።

ቆቃ ላይ ይቀራል አለ በልቡ፤ አልቀረም። የሞጆ ዳገት ይጥለዋል አለ፤ አልጣለውም። ከኋላው የልጁ ብስክሌት ካቴና ድምፅ እየተሰማው፣ ዓይኑ በአቧራ እየነደደ፣ ጉልበቱ እየከዳው ስድሳ ኪሎ ሜትር ንፋሱን ብቻውን ጠጣው። ናዝሬት ገብተው ሕዝቡ ሲታያቸው፣ ሦስት መቶ ሜትር ሲቀር፣ ኢተፋ ከእንቅልፉ እንደተነሳ ሰው ዘና ብሎ ከኋላው ወጣና ጥሎት ሄደ።

ሰኞ በፋብሪካው ስብሰባ ካድሬው ተነሳ። «ጓድ ኃይለየሱስ የግል ዝናውን ወደ ጎን ብሎ፣ ለወጣቱ ጓዱ ድል ሲል ያን ሁሉ መንገድ ንፋስ ተጋፍጧል! የሠርቶ አደሩ አርአያ ማለት ይህ ነው!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። ኃይለየሱስ አፉን ከፈተ፤ ግን ምን ሊል ነው? በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «ኧረ ቀንቼ ነው» ይበል? ወረቀቱን ተቀብሎ ተቀመጠ።

ኢተፋ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል ሊሰናበተው ቤቱ መጣ። ተቀመጥ ቢባልም አልተቀመጠም። «ውለታህን አልረሳም፣ ጋሼ» አለ።

ይህችን ግን ኃይለየሱስ አልቻላትም። «የምን ውለታ!» ብሎ ጮኸ። «ጠልቼህ ነው! ፊቴ ስትሄድ ማየት አቅቶኝ ነው! ሰምተሃል?»

ልጁ አልደነገጠም። «አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ለሁለተኛ ጊዜ ልገባ ስል መንገድ ስትዘጋብኝ ገባኝ። እኔማ ከቤቴ ስወጣ ሁለተኛ ብሆን ይበቃኛል ብዬ ነበር። ተራ ብንገባ ኖሮ እኩል ደክመን ነበር የምንደርሰው፤ እኩል ከደከምን ደግሞ መጨረሻ ላይ አልችልህም። ቦታው ያንተ ነበር፣ ጋሼ።»

ሊያቆስለው ብሎ አልነበረም፤ ስለተጠየቀ እውነቱን መናገሩ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ። ኃይለየሱስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ልጁ በሃያ ሁለት ዓመቱ እንዲህ ያለውን እውነት ሰው ፊት ቆሞ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ መናገር መቻሉ፣ ይህም ደግሞ አስቀናው።