ለሱፐርቫይዘር የተለማመድነው የልብ ምት

በእጅ እየነኩ ማስተማር የሚከብደው በዕቃ እጥረት ነው ይባላል። አይደለም። የሚከብደው ልጆቹ እኛ ያላዘጋጀነውን መልስ ስለሚያገኙ ነው።

ነቀምቴ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ርዕሰ መምህሩ የትምህርት መርጃ ክፍሉን ከፍቶ አሳየኝ። ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ልቡ የሚነቃቀል የፕላስቲክ ሰው በላስቲክ ተጠቅልሎ ቆሟል።

«ተማሪዎች መቼ ይነኩታል?» አልኩት።

«ኦቦሌሳ» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ «ይሄ የእንግዳ ነው።»

ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ይፈታል፤ ሲሄድ ይጠቀለላል። ሳቅኩበት። ውሎ አድሮ ግን እኔም ተማሪዎቼን ለእንግዳ ማዘጋጀት ለመድኩ።

ባለፈው ዓመት ከስድስተኛ ክፍሎች ጋር የልብ ማዳመጫ ሠራን። የውሃ ፕላስቲክ አናቱን ቆርጠን፣ ቱቦ ሰክተን፣ በፕላስተር አሰርነው። ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ስለነበር ማን የማንን ልብ እንደሚያዳምጥ ብቻ ሳይሆን ምን ብሎ እንደሚመልስም አስጠናኋቸው። መልሱ «ዱብ ዱብ» ነበር።

በልምምዱ አያንቱ የመቅደስን አዳመጠች። መቅደስ ከኪራሙ ተፈናቅለው ከመጡት ልጆች አንዷ ናት።

«ቲቸር፣ የሷ ዱብ ዱብ አይልም። እሽሽ ይላል።»

«ቱቦው ነው።»

«በዚሁ ቱቦ የኔን ሰምተን የለ እንዴ!»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ልብ ምን እንደሚል ስለማውቅ ጆሮዬን ማስጠጋት አላስፈለገኝም። መቅደስን አስቀምጬ ቦታዋን ለሌላ ልጅ ሰጠሁ።

ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ዱብ ዱቡን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «የሁሉም ሰው ልብ አንድ ዓይነት ነው የሚለው?» ብሎ ጠየቀ። ይህን አላስጠናሁም።

«አይ፣ የመቅደስ ይለያል» አለች አያንቱ። «ቲቸር ለዛ ነው የቀየራት።»

ርዕሰ መምህሩ ጣሪያውን አየ። ሱፐርቫይዘሩ ቱቦውን አቀበለኝ። «አንተስ ሰምተኸዋል?»

መቅደስ ፕላስቲኩን ራሷ ደረቷ ላይ ያዘች። ክፍሉ ሁሉ እያየኝ አዳመጥኩ። እሽሽ ይል ነበር።

እናቷን አስጠራን። «ውሃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ቁጭ እያለች ብታስቸግረኝ ስንፍና መስሎኝ ስገርፋት ከረምሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። «እርስዎ መቼ ሰሙት?»

«ዛሬ።»

«ልጆቹስ?»

«ወደ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አልኩ።

ሐኪሙ የልቧ ቫልቭ ተጎድቷል አለ። አሁን በየወሩ መርፌ ትወጋለች። ትምህርቷን አላቋረጠችም። እናቷ ግን መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ብላኝ ቶሎ ታልፋለች። አልፈርድባትም።

መልሱ አስቀድሞ የተጠና ሙከራ ሙከራ አይደለም። እኔ ሳይንስ ብዬ ሳስተምር የኖርኩት ትያትር ነበር።

መምህር ከሆናችሁ፣ ልጅ «ይሄኛው ይለያል» ሲላችሁ ቱቦውን ተቀበሉትና ስሙ።