አንድ መጽሐፍ ለሁለት ወር

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ሥራዬ ላይ አንዲት ወረቀት ወደ አማርኛ እንድተረጉም ሰጡኝ። ከተመረቅኩ ገና ሦስት ወሬ ነው፤ አማርኛ የሚባል ነገር ከመጣ ሁሉም ወደ እኔ ነው። ወረቀቷ ከትምህርት ቤት ለወላጆች የምትሰጥ ናት። ቀን፣ የመጽሐፉ ስም፣ ከልጅዎ ጋር ሃያ ደቂቃ አንብበው እዚህ ይፈርሙ። ከፕሪንተር ስትወጣ ትሞቅ ነበር። ሙቀቷ ጣቴ ላይ እያለ ሐሳቤ አባቴ መኪና ውስጥ ገባ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቁጭ ብዬ ያለፈ ነገር የማመነዥክ ሰው አይደለሁም። ይሄን ግን ልናገረው።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ እኔም እንዲህ ያለች ወረቀት ይሰጠኝ ነበር። የምንኖረው ሰው አገር፣ ማውንትሌክ ቴራስ ነው። እናቴ ፌደራል ዌይ አንዲት አሮጊት ትንከባከብ ነበር፤ ስትመለስ ሁለት አውቶቡስ ትይዛለች። አባቴ ኤቨረት ያለ ፋብሪካ ሲሠራ አድሮ ይመጣና ቀን ይተኛል፤ ከዚያ እኔን ከትምህርት ቤት ያነሳኝና እናቴ የምትወርድበት ፓርኪንግ ፓርክ አድርገን እንጠብቃታለን። ሃያ ደቂቃችንን የምናነበው እዚያ ነው። መስታወቱ በትንፋሻችን ጭጋግ ይለብሳል፣ ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። መኪናው እርጥብ ጃኬትና ቅርንፉድ ይሸት ነበር፤ አባቴ ቅርንፉድ ከኪሱ አይጠፋም።

አባቴ ማንበብ የተማረው ወሎ፣ ቁርኣን ቤት ነው። እዚያ የሚቀራው ድምፅ ከፍ አድርጎ፣ እየተወዛወዙ ነው። ያልያዙትን ትቶ ማለፍ የለም። ሶ እኔንም በዚያው አስጀመረኝ። መጽሐፉ ጫማው ስለጠፋበት ድብ ነበር። እሱ አንድ መስመር ይላል፣ እኔ እከተለዋለሁ፣ ሁለታችንም ወደ ፊት ወደ ኋላ እንላለን። እንግሊዝኛው ዜማ አወጣ። አንዴ አንዲት ሴትዮ መኪናው ሲነቃነቅ አይታ መስኮቱን አንኳኳችና ደህና ናችሁ ወይ ብላ ጠየቀችን። አባቴ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ እያሳያት "ሪዲንግ፣ ሪዲንግ" አላት።

ገጽ ልገልጥ ስል እጁን ያስቀምጥበታል።

"ይዘሽዋል?"

"ይዤዋለሁ።"

"እስቲ ሳታዪ በይልኝ።"

ከተሳሳትኩ እንደገና ከመጀመሪያው። ያኔም ትዕግሥት የለኝም፣ እበግናለሁ። እሱ ግን የሚያስቸኩለው ነገር የለም። በትክክል ስለው "ማሻአላህ፣ የኔ አንበሳ" ይልና አንዲት ቅርንፉድ ይሸልመኛል። ዞር ሲል እተፋታለሁ።

የድቡ መጽሐፍ ሁለት ወር ፈጀ። ወረቀቴ ላይ ከላይ እስከ ታች ያው አንድ ስም፣ ከጎኑ የአባቴ ፊርማ። ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለተነበበ መጽሐፍ ሁሉ ኮከብ ይለጠፋል። የሌሎቹ ልጆች ስም በኮከብ ተጥለቅልቋል፣ እኔ አንድ አለችኝ። አንዱ ልጅ አባትሽ ማንበብ አይችልም እንዴ አለኝ።

አስተማሪዋ አባቴን አስጠራችው። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። የኢድ ሸሚዙን ለብሶ መጣና ትንሿ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ተቀመጠ። አስተማሪዋ ፈገግ ብላ ያለችው ይሄን ነው፤ አብራችሁ ማንበባችሁ በጣም ደስ ይላል፣ እንዳታቆሙ፣ ከድቡ ጋር ሌሎችም ጨምሩ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "ምን አለች?"

"ብቻዋን ታንብብ አለች። አንተ መፈረም ብቻ።"

ማንም አላስገደደኝም። ኮከብ ፈልጌ ነበር፤ በዚያ ላይ መወዛወዙ ያሳፍረኝ ነበር።

አባቴ "ኦኬ፣ ታንክ ዩ" ብሏት ተነሳ። መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳያዞር "አበላሽቼብሽ ኖሯል?" አለኝ። አይ አልኩት።

ከዚያ በኋላ እኔ ከኋላ ወንበር በዓይኔ ብቻ አነባለሁ፣ እሱ ከፊት መሪውን ይዞ ዝም። ሃያ ደቂቃው ሲሞላ ወረቀቱን አቀብለዋለሁ። መጽሐፉን አሳዪኝ ይላል፣ ሽፋኑን አየት ያደርግና ሳይን ያደርጋል። እናቴ መጥታ በሩን ስትከፍት ምነው ዝም ዝም አላችሁ፣ ተጣላችሁ እንዴ ትለን ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በኮከብ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የአባቴ መኪና ጋራዥ ስለነበር ሥራ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሃይዌይ ላይ፣ ያኔ የአስተማሪዋን ቃል አዛብቼ መተርጎሜን ነገርኩት፤ መንገድ መንገዱን እያየሁ ስለሆነ ቀለለኝ። ይቆጣል ወይ ይስቃል ብዬ ነበር። "ልጅ ነበርሽ" አለ። ኤቨረት ልንገባ ስንል ድንገት፣

"ከድቡ ቀጥሎ ያነበብሽው፣ ሽፋኑ ላይ ቀይ መርከብ የነበረው" አለኝ። "መርከቧ መጨረሻ የት ደረሰች?"



"አላውቅም አባዬ" አልኩት። "በአንድ ቀን ነው የጨረስኩት።"