ከዳህላክ ያነሣነው ድንጋይ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሶስና ከሳን ሆዜ መጥታ እኔ በምኖርበት በቴሜስካል ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ምሳ እየበላን ሳለ ስልኳን አዞረችልኝ። ነጭ አሸዋ፣ ጥርት ያለ ባሕር፣ ሰው የሌለበት ዳርቻ።

«አባዬ፣ ዳህላክ ነው። ምጽዋ ስትሠራ ሄደሃል አይደል? ለበርዝደይህ ቡክ ላድርግልህ?»

«አልሄድም!» አልኩ። ጮኼ ኖሮ አጠገባችን ያሉት ሁሉ ዞሩ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ምጽዋ ወደብ ላይ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ የጥር ቅዳሜ የክፍላችን ኃላፊ ጥቂት ሠራተኞችን ሰብስቦ ገና ጎሕ ሲቀድ በሞተር ጀልባ ወደ ዳህላክ ለሽርሽር ወሰደን። ጥር ላይ የዚያ አገር ሙቀት ይቻላል። ዳርቻው ላይ ዓሣ ጠብሰን በሎሚና በሚጥሚጣ በላን። ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ፤ ይሄም ራሱ ያናድደኛል።

ከምሳ በኋላ ከመንደሩ ጀርባ ያለውን ጥንታዊ መካነ መቃብር ልናይ ሄድን። በየመቃብሩ ራስጌ በዐረብኛ የተቀረጹ ጥቋቁር ድንጋዮች ቆመዋል። ኃላፊው አንዱን በጫማው ነካ ነካ አደረገና፣ «ይቺ ሳሎኔ ውስጥ ታምራለች» አለ። ወደ እኔና ወደ ጓደኛዬ ወደ ታደሰ ዞሮ፣ «አንሷት!»

አንድ የደሴቲቱ ሽማግሌ ሮጠው መጡ። ድሮ ወደብ ላይ ጫኝ ስለነበሩ አማርኛ ያውቃሉ። ኃላፊውን ትተው እኛን ነው የለመኑት።

«ልጆቼ፣ መቃብር እኮ ነው። ስሙ ተጽፎበታል። የእኛው ሰው ነው።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ቅርስ የመንግሥት ነው» አለ ኃላፊው።

አነሣነው። ሽማግሌው አንድ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው እስከ ጀልባው ድረስ አብረውን ሄዱ።

ስንመለስ ነፋስ ተነሣ፤ ውኃ ጀልባው ውስጥ ይገባ ጀመር። ነጂው፣ «ጭነት ይቀነስ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ለሽርሽሩ ከጫንነው የተረፉትን የቢራ ሣጥኖች አየሁ። ኃላፊውም አያቸው።

«ድንጋዩን ጣሉት» አለ።

ጣልነው። ቢራው በሰላም ምጽዋ ገባ።

እዚህ አገር ስንት ዓመት ታክሲ ስነዳ፣ ፍሪዌይ ላይ ብቻዬን ስሆን፣ ያንን ኃላፊ ጮክ ብዬ ስሰድብ ኖሬአለሁ። አሁን አሁን ግን ስድቡ መሀል ላይ ይቆምብኛል። እሱ ድንጋዩን በጣቱ እንኳ አልነካም። ያነሣሁትም የጣልኩትም እኔ ነኝ። «ተው፣ ነውር ነው» ብል የሚያስረኝ አልነበረም። ቢበዛ ያኮርፈኝ ነበር። ለአንድ ሰው ኩርፊያ ብዬ!

ይህን ሁሉ ለሶስና ነገርኳት። ምግቧን ገፋ አደረገችው።

«የሽማግሌው ፋሚሊ ያውቃሉ?»

«ምኑን?»

«ድንጋዩ የት እንዳለ። ማለቴ፣ ባሕር ውስጥ እንደሆነ።»

አስቤው አላውቅም ነበር። እስካሁን የአንድ ባለሥልጣን ሳሎን ውስጥ ቆሟል ብለው ሲያዝኑ ኖረው ይሆናል።

«አያውቁም» አልኳት።

«እንግዲያው ሄደህ ንገራቸው» አለችኝ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳትቀላቅል።

ደሜ ፈላ። ልጄ፣ ያውም በልደቴ ሰሞን፣ እንዲህ ትናገረኝ? ዛሬም ሳስበው ያበሽቀኛል፤ ትናንት ማታ ግን ደውላ የፓስፖርቴን ቁጥር ስትጠይቀኝ ነገርኳት።